አሮጌ ላፕቶፕን በሊኑክስ ሚንት ለአማርኛ ሥራ የማዘጋጀት መመሪያ

እህቴ እዚሁ ጎንደር ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምራለች። ፈተናና የትምህርት ዕቅድ የምታዘጋጅበት ላፕቶፕ አሥር ዓመት ያለፈው፣ 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ያለው ሲሆን፣ ዊንዶውስ 10 ተጭኖበት እስኪነሣ ድረስ ቡና ተቆልቶ ይደርስ ነበር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያቆም፣ ወደ ዊንዶውስ 11 ማሳደግም እንደማይቻል ታወቀ፤ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልና ከእርሷ ማሽን ይልቅ አዲስ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃልና። «ወንድም ጋሼ፣ ይህን ልጣለው ወይስ መላ አለው?» ብላ ጠየቀችኝ።

መላው በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነው ነፃ ሥርዓተ ክወና፣ ሊኑክስ እንደሆነ አውቅ ነበር። ሆኖም ለዘመድም ለጎረቤትም ብዙ ኮምፒውተር ካዘጋጀሁ በኋላ የተረዳሁት፣ ሊኑክስን መጫን ከሥራው ሁሉ ትንሹ ክፍል መሆኑን ነው። ባለቤቱ ሳይቸገር በአማርኛ እስኪጽፍ፣ የጻፈውን ፒያሳ ወርዶ እስኪያሳትም፣ መብራት ድንገት ሲጠፋም ሥራው ሳይጠፋበት እስኪቀጥል ድረስ ያ ኮምፒውተር ተዘጋጅቷል አልልም። ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚሁ መመዘኛ ነው።

በመጀመሪያ ባለቤቱን ይጠይቁ

ላፕቶፑን ከመንካትዎ በፊት ባለቤቱ በየዕለቱ ምን እንደሚሠራበት ይጠይቁ። መልሱ መጻፍ፣ ማተም፣ ኢንተርኔት መጠቀም፣ ቴሌግራምና ቪዲዮ ማየት ከሆነ ሊኑክስ ሁሉንም ያለ ችግር ያሠራል። ባለቤቱ የሒሳብ ባለሙያ ሆኖ በፒችትሪ የሚሠራ ከሆነ፣ ወይም አውቶካድ የሚጠይቅ የንድፍ ሥራ ካለበት ግን ዊንዶውስን አያጥፉበት፤ እነዚህ ፕሮግራሞች ለሊኑክስ አልተሠሩም። አንዳንድ የሊኑክስ ወዳጆቼ «ሌላ አማራጭ ይልመድ» ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ እንጀራው የተያያዘበትን ፕሮግራም ከሰው ነጥቆ ነፃነት ሰጠሁህ ማለት ተገቢ አይመስለኝም። እንዲህ ላለው ሰው ሁለቱን ሥርዓቶች ጎን ለጎን መጫን ይቻላል።

ቀጥሎ ማሽኑን ይመርምሩ። እኔ የምጭነው የሊኑክስ ዓይነት፣ ሊኑክስ ሚንት፣ ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይፈልጋል፤ አዘጋጆቹ የሚመክሩት ደግሞ 4 ጊጋባይት ራምና 100 ጊጋባይት ዲስክ ነው። ፕሮሰሰሩ ባለ 64 ቢት መሆን አለበት። ባለ 32 ቢት ብቻ የሆነ በጣም አሮጌ ማሽን ከገጠመዎት፣ አንቲኤክስ የተባለውን ቀላል ስርጭት (ስርጭት ማለት ሊኑክስ ከፕሮግራሞቹ ጋር ተጠቃልሎ የሚቀርብበት መልክ ነው) ይሞክሩ እንጂ በሚንት አይድከሙ።

ባለቤቱ ጥቂት ገንዘብ ማውጣት ከቻለ፣ ከምንም በፊት የሚሽከረከረውን ሀርድ ዲስክ ኤስኤስዲ በተባለው፣ የሚሽከረከር አካል በሌለው ፈጣን ዲስክ እንዲቀይር ይምከሩት። 240 ጊጋባይት ያለው ኤስኤስዲ ለአንድ መምህር ወይም ተማሪ ከበቂ በላይ ነው፤ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ያህል ሌላ ምንም ማሻሻያ ሲያመጣ አላየሁም። ክዳኑ ከተከፈተ አይቀር ማራገቢያውን ያጽዱ። በጎንደር የበጋ አቧራ አየር ማስወጫውን እንደ ጨርቅ ስለሚደፍነው፣ ብዙ ሰው «አረጀ» የሚለው ማሽን በሙቀት ምክንያት ራሱን እያዘገመ የሚሠራ ነው።

ስለ ምርጫው ጥቂት ቃል

ሊኑክስ ማለት በትክክል ሲነገር ከርነሉ፣ ማለትም ፕሮግራሞችን ከማሽኑ አካል ጋር የሚያገናኘው እምብርት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሥራውን ለሕዝብ ያሳወቀው ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ነበር። ሪቻርድ ስቶልማን ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ የጀመረው የግኑ ፕሮጀክት ደግሞ በዙሪያው የሚያስፈልጉትን መሣሪያዎች አዘጋጅቶ ስለነበር፣ ሁለቱ ተገጣጥመው ማንም ሰው ሊጠቀምበት፣ ሊመረምረው፣ ሊቀይረውና ለሌላው ሊያካፍለው የሚችል ሥርዓተ ክወና ተገኘ። ይህ የማካፈል መብት በእኛ ከተማ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ የወረደን ፋይል ለአሥር ሰው በፍላሽ መስጠት ሕጋዊም ነውር የሌለበትም ሥራ ይሆናልና። ፈቃድ ሳንገዛ የተሰበረ ዊንዶውስ ስንጭን የኖርን ሰዎች ይህን ልዩነት በልባችን እናውቀዋለን።

ከብዙ ስርጭቶች መካከል ለጀማሪ የምመርጠው ሊኑክስ ሚንትን ነው፤ ለአሮጌ ማሽን ደግሞ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀላል ገጽታ። ቁጥር 22 እና በ22 የሚጀምሩት ተከታዮቹ ኡቡንቱ በተባለው ሌላ ስርጭት ቁጥር 24.04 ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ድረስ የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛሉ። ኡቡንቱን ራሱን የማልመርጥበት ምክንያት አለኝ። ኡቡንቱ አንዳንድ ፕሮግራሞችን ስናፕ በተባለ መንገድ ያቀርባል፤ ስናፕ ደግሞ ባለቤቱን ሳይጠይቅ በቀን ብዙ ጊዜ ማሻሻያ እየፈተሸ ያወርዳል። ዳታ በጥቅል ለሚገዛ ሰው ይህ ኪሱን የሚነካ ጉዳይ ነው። ሚንት ስናፕን ስለማይጠቀም፣ ማሻሻያውም እርስዎ ካላዘዙት በስተቀር ራሱን ስለማያወርድ ለእኛ ኑሮ የተሻለ ይስማማል።

ማውረድና ፍላሽ ማዘጋጀት

የሚንት ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። የሌሊት ጥቅል ገዝተው ያውርዱት፤ ወይም አስቀድሞ ያወረደ ሰው ካለ ከእርሱ ይቅዱ። በጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ኔትወርኩም ስለሚጨናነቅ፣ በዚያ ሳምንት ትልቅ ፋይል ለማውረድ ባይሞክሩ ይሻላል። ከሰው የተቀዳም ሆነ ራስዎ ያወረዱት ፋይል ሙሉ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይጠቀሙበት። ከፋይሉ ጋር ኤስኤችኤ256 የተባለ፣ 64 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መለያ አብሮ ይወጣል። በዊንዶውስ ላይ የሚሠራው ሩፉስ የተባለው ፕሮግራም የፋይሉን መለያ አስልቶ የሚያሳይ ቁልፍ ስላለው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስተያዩ። አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉ ተበላሽቷል፤ እንደገና ያውርዱት። እኔ ይህን ንቄ አንድ ሙሉ ቅዳሜ በከንቱ ስላጠፋሁ፣ አሁን ይህችን ደረጃ ዘልዬ አላውቅም።

ከዚያ 8 ጊጋባይት የሆነ ፍላሽ ይሰኩና በሩፉስ ፋይሉን ይጻፉበት። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድመው ያውጡት። ሊኑክስ የተጫነበት ሌላ ኮምፒውተር ካለዎት ሚንት ራሱ ለዚህ ሥራ የሚሆን የፍላሽ መጻፊያ አለው።

ሰነድ ሳይቀዱ ምንም አይንኩ

አንድ ጊዜ የጎረቤታችንን ልጅ ላፕቶፕ ሳዘጋጅ፣ ዲስኩ ሁለት ክፍል እንዳለው እያየሁ «ዲስኩን ሁሉ አጥፋ» የሚለውን ምርጫ ተጫንኩ። በሁለተኛው ክፍል ውስጥ የእናቷ የሰባት ዓመት ፎቶግራፎች ነበሩ። እማማ አልተቆጡኝም፤ «እግዜር ያውቃል ልጄ» ብለው ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ግን እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ከዚያ ወዲህ ያለኝ ሥርዓት አንድ ነው፤ ባለቤቱ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ዴስክቶፑን፣ ሰነዶቹን፣ ፎቶዎቹንና ዲ ወይም ኢ ተብለው የተሰየሙትን ክፍሎች ሁሉ አብረን ከፍተን አይተን፣ ወደ ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ቀድተን፣ የተቀዳው በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንደሚከፈት አረጋግጠን እንጂ አልጀምርም። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።

ዊንዶውስን አስቀርተው ጎን ለጎን የሚጭኑ ከሆነ፣ በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ «ፋስት ስታርታፕ» የተባለውን አስቀድመው ያጥፉ። ይህ ካልጠፋ ዊንዶውስ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ፣ ሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ክፍል ፋይል መጻፍ ይከለከላል። ቢትሎከር የተባለው ምስጠራ በርቶ ከሆነም መክፈቻ ቁጥሩን በወረቀት ሳይጽፉ አይቀጥሉ።

መሞከርና መጫን

ፍላሹን ሰክተው ላፕቶፑን እንደገና ሲያስነሡ፣ የመነሻ ምርጫውን የሚያመጣውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ። በዴል፣ በሌኖቮና በቶሺባ ብዙ ጊዜ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9፣ በአሱስ ኢስኬፕ ነው። ሚንት ሳይጫን በቀጥታ ከፍላሹ ይነሣል። በዚህ ሁኔታ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሥሩበት፤ ዋይፋዩ ይያዛል ወይ፣ ድምፁ ይሰማል ወይ፣ ካሜራውና የመዳሰሻ ሰሌዳው ይሠራሉ ወይ የሚለውን ሁሉ ይፈትሹ። ዋይፋዩ ካልታየ ተስፋ አይቁረጡ። ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝተው የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ የማጋራት ምርጫ ሲያበሩ ሚንት ወዲያው ይቀበለዋል፤ ከተጫነ በኋላም «ድራይቨር ማኔጀር» የጎደለውን ሾፌር፣ ማለትም ክፍሉን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ፈልጎ ያመጣል። አንዳንድ የብሮድኮም ዋይፋዮች ሾፌራቸው እዚያው ፍላሹ ላይ ስላለ ያለ ኢንተርኔት ሊጫኑ ይችላሉ።

መጫኑ ራሱ ቀላል ነው፤ ከዴስክቶፑ ላይ የመጫኛውን ምልክት ከፍቶ ጥያቄዎቹን መመለስ ብቻ ነው። ሦስት ነገር ብቻ ላስገንዝብ። የሰዓት ቀጠናው አዲስ አበባ ይሁን። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል በላቲን ፊደል ይሁኑ፤ በመግቢያው ገጽ ላይ የአማርኛ መጻፊያው ገና ስላልተነሣ በአማርኛ የተጻፈ የይለፍ ቃል ባለቤቱን ከገዛ ቤቱ ውጭ ያስቀረዋል። የቋንቋ ምርጫው ላይ ደግሞ እንግሊዝኛውን ሳይቀይሩ እንዳለ እንዲያቆዩት እመክራለሁ። ይህን ስል አማርኛን መናቄ አይደለም፤ የማውጫዎቹ ትርጉም በከፊል ብቻ ስለተሠራ፣ ግማሹ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ የሆነ ገጽ ጀማሪን ይበልጥ ያደናግራል። ትርጉሙን የማሟላት ሥራ እኛን የሚጠብቅ የቤት ሥራ ነው።

ሁለቱን ሥርዓቶች ጎን ለጎን የጫነ ሰው አንዳንድ ጊዜ ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ሲመለስ ሰዓቱ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ሄዶ ያገኘዋል። ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲይዝ፣ ዊንዶውስ ያንኑ እንደ አካባቢ ሰዓት ያነበዋል፤ የእኛ ቀጠና ደግሞ ከዓለም አቀፉ በሦስት ሰዓት ይቀድማል። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በአካባቢ ሰዓት እንዲይዝ ማዘዝ ስለሚቻል፣ ይህን የገጠመው ሰው ልምድ ያለው ሰው አንድ ጊዜ ቢያስተካክልለት ይበቃዋል።

አማርኛን ማዘጋጀት

ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በቁጥር 3.0 ነው፤ ስለዚህ ማንኛውም ዘመናዊ ሊኑክስ ፊደላችንን ያውቀዋል። የሚቀረው ጥሩ የፊደል ቅርጽና መጻፊያ ማዘጋጀት ነው።

የፊደል ቅርጹን ለማግኘት «ሶፍትዌር ማኔጀር» ውስጥ አቢሲኒካ ብለው በላቲን ፊደል ይፈልጉ፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለውን ውብና ነፃ ቅርጽ ያገኛሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክም ለንባብ የሚመቹ ናቸው። እኔ ለፈተና ወረቀት አቢሲኒካን እመርጣለሁ፤ በትንሽ መጠን ሲታተም እንኳ «ጸ»ን ከ«ጻ»፣ «ለ»ን ከ«ሉ» ልጆች በቀላሉ ይለዩበታል።

መጻፊያውን ለማዘጋጀት ደግሞ «ሲናፕቲክ» የተባለውን የጥቅል ማስተዳደሪያ ይክፈቱና አይባስ የተባለውን፣ በተለያዩ ቋንቋዎች ለመጻፍ የሚያስችለውን ፕሮግራም እና ከእርሱ ጋር የሚሄደውን ኤም17ኤን የተባለውን ጥቅል ይጫኑ። ከዚያ ከማውጫው «ኢንፑት ሜተድ» የሚለውን ከፍተው አይባስን ይምረጡ፤ ከኮምፒውተሩ ወጥተው እንደገና ይግቡ። ይህ መውጣትና መግባት ካልተደረገ መጻፊያው አይነሣም፤ ብዙ ሰው «አልሠራም» ብሎ የሚተወውም እዚህ ላይ ነው። ተመልሰው ሲገቡ የአይባስን ማስተካከያ ከፍተው፣ መጻፊያ ለመጨመር የሚያስችለውን ቁልፍ ተጭነው፣ ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛን፣ ከአማርኛ ሥር ደግሞ ሴራ የሚለውን ይምረጡ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመሸጋገር የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘው ስፔስን ይጫኑ።

ሴራ ፊደላችንን በላቲን ፊደል ለመወከል የተዘጋጀ የቆየ ዘዴ ነው፤ አንዴ ከገባዎት በድምፅ የሚመራ ስለሆነ አይረሳም። የኤስን ቁልፍ ብቻውን ሲጫኑ «ስ» ይወጣል። ከእርሱ በኋላ ትንሹን ኢ ሲያስከትሉ «ሰ»፣ ዩ ሲያስከትሉ «ሱ»፣ አይ ሲያስከትሉ «ሲ»፣ ኤ ሲያስከትሉ «ሳ»፣ ኦ ሲያስከትሉ «ሶ» ይሆናል። ኃምሱ «ሴ» የሚገኘው ሺፍትን ይዘው በትልቁ ኢ ሲጽፉ ነው። ትልልቆቹ ፊደላት ከትንንሾቹ የተለዩ ድምፆችን ይይዛሉ፤ ትንሹ ቲ «ት» ሲሆን ትልቁ «ጥ»፣ ትንሹ ሲ «ች» ሲሆን ትልቁ «ጭ»፣ ትንሹ ኤን «ን» ሲሆን ትልቁ «ኝ» ነው። «ሽ» በኤክስ፣ «ቅ» በኪው ይጻፋል። ኮማው «፣»፣ ሴሚኮለኑ «፤»፣ ኮለኑ አንድ ጊዜ «፡»፣ ሁለት ጊዜ ሲደጋገም «።» ይሰጣል። እህቴ ይህን በወረቀት ጽፋ ከማያው ጎን ለጠፈችው፤ በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ማየት ትታ ነበር።

በሌላ የአማርኛ መጻፊያ የለመደ ሰው ካለ ኪይማን የተባለው ፕሮግራም ለሊኑክስም ስላለ እርሱን ሊሞክር ይችላል። ጣት የለመደውን ማስቀየር ከባድ ነውና፣ በዚህ ረገድ የባለቤቱ ምርጫ ከእኔ ምርጫ ይቅደም።

የቆዩ ሰነዶች ጉዳይ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ቅርጾች የተጻፉ ደብዳቤዎችና ፈተናዎች በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆነው ይታያሉ፤ ከውስጥ የተቀመጡት እውነተኛ የአማርኛ ፊደላት አይደሉምና። እንዲህ ያሉ ሰነዶች ካሉ፣ ቅርጹ የተጫነበት አሮጌው ዊንዶውስ ሳይጠፋ በፊት ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሯቸው። እየደጋገሙ የሚጠቀሙባቸውን ደግሞ ቀስ በቀስ በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ነው። አሰልቺ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ በስልክም በኮምፒውተርም ይነበባል፣ ቃልም ይፈለግበታል።

ማተምና የፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽ

ሊብረኦፊስ ከሚንት ጋር ተጭኖ ይመጣል፤ የወርድ ሰነዶችንም ይከፍታል። ችግሩ የሚመጣው ሰነዱን በፍላሽ ይዘው ፒያሳ ወይም ማራኪ አካባቢ ወዳለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲሄዱ ነው። እዚያ ያለው ኮምፒውተር አቢሲኒካ ስለሌለው ሰነዱን በራሱ ቅርጽ፣ ለምሳሌ በኒያላ ይተካዋል፤ የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለያይም በሁለት ገጽ ያለቀው ፈተና ሦስተኛ ገጽ ላይ ሁለት መስመር አውጥቶ ይገኛል። መፍትሔው ሁልጊዜ በፒዲኤፍ መያዝ ነው። በሊብረኦፊስ «ፋይል» ከሚለው ሥር ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይረው ምርጫ አለ፤ ቅርጹ በፒዲኤፉ ውስጥ አብሮ ስለሚቀመጥ የትም ቢከፈት አይለወጥም። ለሥራ ባልደረባ በወርድ መልክ ማካፈል ካስፈለገ ደግሞ ሰነዱን በዶክኤክስ ያስቀምጡና ሁለቱንም ይላኩ።

ከፎቶ ኮፒ ቤት የተመለሰ ፍላሽ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። የታወቀው ዓይነት እውነተኞቹን ማኅደሮች ደብቆ በስማቸው አቋራጭ የሚተካው ነው። ይህ ቫይረስ ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ በሊኑክስ ላይ አይነሣም፤ የተደበቁት ማኅደሮችም በሚንት ፋይል ማሳያ ውስጥ ሳይደበቁ ይታያሉ። ሰነዶችዎን ወደ ኮምፒውተሩ ይቅዱ፣ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉ፣ ሰነዶቹን ይመልሱ። የአካባቢዬ ተማሪዎች «ፍላሼ ባዶ ሆነ» ብለው ሲመጡ ብዙውን ጊዜ የማድንላቸው በዚህ ቀላል መንገድ ነው።

ቤት ውስጥ ማተሚያ ካለ፣ የኤችፒ ማተሚያዎች ሾፌር በሚንት ውስጥ ስላለ አብዛኞቹ እንደተሰኩ ይሠራሉ። አንዳንድ የካኖን ሌዘር ማተሚያዎች ግን ከአምራቹ የሚገኝ ልዩ ሾፌር ይፈልጋሉ፤ ይህን ከመጫኑ ቀን በፊት አዘጋጅቶ መያዝ ይበጃል።

መብራትና ዳታ

ሊኑክስ ዲስኩን የሚያደራጅበት ኤክስት4 የተባለው ዘዴ፣ ለውጥ ከማድረጉ በፊት ሊያደርግ ያሰበውን በማስታወሻ ስለሚይዝ፣ መብራት በድንገት ቢጠፋ ማስታወሻውን አንብቦ ራሱን ያስተካክላል። ሳይቀመጥ የቀረውን ጽሑፍ ግን ማንም አይመልሰውም። የአሮጌ ላፕቶፖች ባትሪ ብዙ ጊዜ ስለሞተ፣ በክረምት ነጎድጓድ መብራት ብልጭ ብሎ ሲጠፋ ማሽኑም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በሊብረኦፊስ «ቱልስ» ሥር «ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብተው፣ ስለ ማስቀመጥ በሚናገረው ክፍል፣ በየአሥር ደቂቃው የሚደረገውን የመጠባበቂያ ቅጂ ወደ ሁለት ደቂቃ ይቀንሱት። እዚያው የቀድሞውን ቅጂ ሁልጊዜ እንዲይዝ የሚያዝ ሳጥን ስላለ እርሱንም ያመልክቱ። ባትሪው የሚሠራ ከሆነ፣ ኃይሉ ሊያልቅ ሲል ኮምፒውተሩ ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋ በኃይል ማስተካከያው ውስጥ ይዘዙ።

ዳታን በተመለከተ ሁለት ልማድ ይበቃል። የመጀመሪያው፣ «ሶፍትዌር ማኔጀር» አንድን ፕሮግራም በሁለት መልክ ሲያቀርብ፣ ፍላትፓክ የሚለውን ትተው የሥርዓቱን ጥቅል መምረጥ ነው። ፍላትፓክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫን ከፕሮግራሙ ጋር የሚሄዱ መሠረታዊ ክፍሎችን ስለሚያወርድ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል። ሁለተኛው፣ ማሻሻያን በወር አንድ ጊዜ፣ በሌሊት ጥቅል፣ ቀን ቆርጦ ማድረግ ነው። ከዚህ በላይ ማዘግየትን አልደግፍም፤ አሳሹ ፋየርፎክስ የሚያገኛቸው የደኅንነት ማሻሻያዎች ለባንክ መተግበሪያም ለኢሜይልም አስፈላጊ ናቸው።

በአንድ ግቢ ውስጥ አንድ ዓይነት የሚንት ቁጥር የጫኑ ሁለት ሦስት ሰዎች ካሉ ደግሞ አንዱ አውርዶ ሌሎቹ ሊካፈሉ ይችላሉ። ሲናፕቲክ ጥቅሎችን ሳይጭን እንዲያወርድ ሊታዘዝ ይችላል፤ የወረዱትን በፍላሽ ቀድተው ወደ ሁለተኛው ኮምፒውተር ይውሰዱና በዚያ ሲናፕቲክ «ፋይል» ማውጫ ውስጥ የወረዱ ጥቅሎችን የሚጨምረውን ምርጫ ይጠቀሙ። እኛ ሦስት ጎረቤታሞች ተራ ገብተን እናወርዳለን፤ እንደ ጽዋ ማኅበር ተረኛው ይታወቃል። ልጆች ላሉበት ቤት ኪዊክስ የተባለውን ፕሮግራምም እጨምራለሁ። የአማርኛውን ዊኪፔዲያ ሙሉውን አንድ ጊዜ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላልና፣ ኔትወርክ በማይኖርባቸው ቀናት እንኳ ልጆቹ የሚያነቡት አያጡም።

ማስረከብ

ከማስረከብዎ በፊት ታይምሺፍትን ከፍተው የመጀመሪያውን የሥርዓት ቅጂ ይያዙ። ማሻሻያ ቢበላሽ ኮምፒውተሩን ወደ ዛሬው ሁኔታ የሚመልሰው ይህ ነው። የባለቤቱን ሰነዶች ግን በልማዱ ስለማይጨምር፣ እነርሱን ለብቻ በውጫዊ ዲስክ ወይም በፍላሽ መቅዳት እንደሚገባው ደጋግመው ይንገሩት።

ከዚያ ባለቤቱ ራሱ እንዲሠራ አድርገው እርስዎ እጅዎን ይሰብስቡ። ዋይፋይ ያገናኝ፣ አንድ አንቀጽ በአማርኛ ይጻፍ፣ ወደ ፒዲኤፍ ይቀይር፣ ፍላሽ ላይ ያስቀምጥ፣ ፍላሹን በሥርዓት ያውጣ፣ ኮምፒውተሩን ዘግቶ እንደገና ያስነሣ። የተሰናከለበት ቦታ ሁሉ እርስዎ ሳያዘጋጁ የቀሩት ቦታ ነው። በመጨረሻም በአንዲት ወረቀት ላይ በአማርኛ ጽፈው ክዳኑ ውስጥ ይለጥፉለት፤ ቋንቋ የሚቀየርበት የሁለት ቁልፎች ጥምረት፣ ማሻሻያ የሚደረግበት የወሩ ቀን፣ ሰነዶቹ የሚገኙበት ማኅደር፣ ሲቸግረው የሚደውልበት የእርስዎ ስልክ ቁጥር። እህቴ ላፕቶፕ ላይ ያለው ወረቀት አራት መስመር ነው፤ ካስረከብኳት ወዲህ የደወለችልኝ ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሥራ ባልደረባዋ ላፕቶፕም እንዲዘጋጅላት ለመጠየቅ ነበር።